ከፊደንሲያ እጅ ያለፈ

«ልጅቷ ናት ብዬ መዝገቡ ላይ ጽፌያለሁ። ገንዳውን በክሎሪን አጥባ ሳታለቀልቅ ውሃ ሞላችበት እንላለን፤ የደሴቱ አጥማጆች ማኅበርም ከዚህ ሌላ አይጠይቅም።» ይህን የተናገረው የባሕር እንስሳት ማራቢያው ኃላፊ ኢንጅነር ኡባልዶ ነው፣ በስልክ። ፊደንሲያ ከፓምፑ ቤት ጀርባ ጎንበስ ብላ ብሩሽ ታጥብ ነበር። ሰው ካረጀና ባልዲ ከያዘ ሌላው ሰው ግድግዳ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ፊደንሲያ በዚህ ተናድዳ አታውቅም፣ ግድግዳ ሆኖ መስማት የሚጠቅምበት ቀን አለና። «አይ፣ ማስረጃ የለኝም። ግን አንድ ምክንያት መስጠት አለብኝ» አለ ኢንጅነሩ። «ያለፈው ሳምንት ከሽፏል፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ደግሞ እንሞክራለን። ዛሬም እንቁላሉ ካልያዘ ከሰዓት በኋላ የስንብት ደብዳቤዋን እሰጣታለሁ።» ከዚያ ስለ መኪናው ጎማ ማውራት ጀመረ። ልጅቷ የተባለችው ዜናይዳ ናት፤ የፊደንሲያ የእህት ልጅ፣ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት። ገንዳ መረዘች የሚል ደብዳቤ የያዘችን ቴክኒሻን ደግሞ ከኤንሴናዳ ከተማ እስከ ታች ባሕር ዳርቻ ድረስ አንድም ማራቢያ አይቀጥራትም።

ጠዋት ከቤት ሲወጡ ሁለቱም ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ግን ማንም ማንንም አላነጋገረም። የሚኖሩት ኮረብታው ላይ፣ በመጋረጃ ለሁለት በተከፈለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ምድጃውና የፊደንሲያ አልጋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የዜናይዳ አልጋና መጻሕፍቷ። ኩርፊያው ሁለት ወር ሆኖታል። ተማሪዎች ማራቢያውን ሊጎበኙ መጥተው ዜናይዳ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ስታስረዳቸው፣ ፊደንሲያ ባልዲዋን እንደያዘች ብቅ አለችና «ይቺን ታያላችሁ? እስከ ሰባት ዓመቷ አልጋዋ ላይ ትሸና ነበር፤ ዛሬ እናንተን ታስተምራለች!» አለች። ማሞገሷ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ሳቁ። የዚያን ዕለት ማታ ዜናይዳ «ግቢው ውስጥ ቴክኒሻን በይኝ» አለቻት። ፊደንሲያ እሺ አለች፤ ግን እሺታዋን ቤት ድረስ ይዛው መጣች። «ቴክኒሻን፣ ቦሎቄሽ ቀዘቀዘ።» «ቴክኒሻን፣ ጋዙ አልቋል።» ሌላ ወሬ የለም። ዜናይዳም መልስ ሳትሰጥ ዝም ብላ ቤቱን ታገላብጥ ጀመር። ጨውን ከስኳሩ አጠገብ አንስታ አፈ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ገለበጠችው። የደጁን ደረጃ ጠርዝ ነጭ ቀለም ቀባችው። ከምድጃው በላይ ሰማንያ አምስት ፔሶ አውጥታ እንደ ሐኪም ቤት የሚያበራ አምፖል ሰቀለች። የወጥ ቤቱን ቢላ ከመሳቢያ አውጥታ ግድግዳ ላይ በምስማር አንጠለጠለችው። ፊደንሲያ ይህን ሁሉ የተማረ ሰው ጉራ ነው ብላ ናቀችው። ያም ሆኖ ከጊዜ በኋላ እጇ ጨው ሲፈልግ ወደ አዲሱ ቦታ በራሱ መሄድ ጀመረ።

አሁን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የፊደንሲያን ዓይን ሞራ እየሸፈነው ነው። ካለፈው ገና ወዲህ የሰው ፊት የምታየው በሳሙና ውሃ ውስጥ እንዳለ ሳህን ነው፤ ከመልክ ይልቅ ድምፅና አረማመድ ነው የምትለየው። ለማንም አልተናገረችም። ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቷታል፤ ማራቢያው እሷን የሚያኖራት ወለል ስለምታጥብ ብቻ አይደለም። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ገብታ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አቡሎን ስትፈለቅቅ ኖራለች። አቡሎን የሚሉት ዓለት ላይ የሚጣበቀውን፣ ባለ አንድ ዛጎሉን የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ሰማያዊ አለው፣ ቢጫ አለው፣ ቀይ አለው፤ ከባሕር ሲወጣ ግን ሁሉም አረምና ትል ለብሶ አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው። ፊደንሲያ ጣቷን ዛጎሉ ላይ ሰድዳ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ትቆጥራለች፤ ገልብጣ በሥጋው ዙሪያ ያለውን ዘርፍ ታያለች፤ «ሰማያዊ» ትላለች፣ አለቀ። ዲፕሎማ ያላቸው መጽሐፍ እስኪገልጡ እሷ ጆንያውን ጨርሳለች። ስለዚህ ግቢው ውስጥ አንድ ልማድ ነበር፤ ከፊደንሲያ እጅ ያለፈን አቡሎን ማንም ደግሞ አያየውም። ከእሷ በኋላ የሚያይ ቢኖር ወንድና ሴቱን ለመለየት ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ የሆዳቸው ቀለም ይናገራል።

ከሁለት ወር በፊት ከደሴቱ ማኅበር ሁለት ጆንያ ተልኮ ነበር። የደሴቱ ሰዎች ባሕሩ በሞቀበት ዓመት ሰማያዊዎቹ አልቀውባቸዋል፤ ማራቢያው ጫጩት አፍልቶ ዓለታቸው ላይ እንዲተክልላቸው ነው የላኩት። የመጀመሪያው ጆንያ ሴት በሴት ሆነ፤ ወንድ አንድ ብቻ ተገኘ፣ እሱም ሲፈለቀቅ ብረት እግሩን ቆርጦት ለብቻው ባልዲ ውስጥ ተቀመጠ። ወንድ ላኩ ተባለና ሁለተኛው ጆንያ በጭነት መኪና መጣ። ሹፌሩ ከአቡሎን ይልቅ ስለ እግር ኳስ የሚያውቅ ሰው ነበር። ያ ቀን ከተማሪዎቹ ቀን ማግስት ነው። ፊደንሲያ ተናድዳ፣ ዓይኗም ጭጋግ ለብሶ፣ የስድስቱንም አቡሎን ቀዳዳ በጣቷ ብቻ ቆጠረች። ቀዳዳ አምስት፣ ስድስት፣ አምስት። «ሰማያዊ ናቸው፣ ውሰዷቸው» አለች።

ዛሬ ጠዋት ከፓምፑ ቤት ወጥታ ወደ ወንዶቹ ገንዳ ሄደች። ሥራዋ ነው፤ እንቁላልና ዘር ከሚያስለቅቃቸው መድኃኒት በፊት ዛጎላቸውን በስሱ መፋቅ አለባት። በንዴት እጇ ከብዶ ነበር መሰለኝ፣ የአንደኛው ቅርፊት እንደ አሮጌ ኖራ ተገምሶ በመዳፏ ቀረ። አውራ ጣቷ ራቁቱን ዛጎል ነካ። ሻካራ ነው፣ የተሸበሸበ። ቀዳዳዎቹ ላይ ደረሰች። አንዱ ጠርዙ እንደ ትንሽ ሲኒ ብቅ ያለ ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። ቀጣዩን ስትፈልግ ጣቷ ያገኘው ጠርዝ የሌለው፣ ትል የበሳው ሽንቁር ነበር። ቀጥሎ ያለውም የትል። ሰማያዊ አምስትና ስድስት ልሙጥ ቀዳዳ አለው፤ ጠርዙ ብቅ ያለ ሦስት ቀዳዳ ግን የቢጫ ነው። ሁለተኛውን ፋቀች። ሦስት። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን። ስድስተኛውን ፍቃ ስትጨርስ ውሃው ውስጥ እስከ ክርኗ የገባው ክንዷ በድን ሆኖ ነበር፤ ብርዱ ግን ከውሃው አልነበረም። ስድስቱም ቢጫ። ያሳለፈቻቸው ደግሞ እሷ፣ በገዛ አፏ «ሰማያዊ» ብላ።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በደጉ ጊዜ፣ ገና ሲነጋገሩ፣ ዜናይዳ የአንዱ ዓይነት ዘር የሌላውን ዓይነት እንቁላል ለምን እንደማይዝ እራት ላይ ያስረዳቻት ትዝ አላት።

«ፕሮቲን ነው፣ አክስቴ።»

«እኔ የማውቀው ፕሮቲን ቦሎቄ ውስጥ ያለውን ነው።»

«እሱም ፕሮቲን ነው፣ ይሄ ግን ሥራው ሌላ ነው። እንቁላሏ ዙሪያዋን የተሸመነ ልብስ አላት፣ እሱም ከፕሮቲን ነው። የወንዱ ዘር ያንን ሽመና ክር በክር የሚፈታ ሌላ ፕሮቲን ይዞ ይመጣል። ሁለት ሦስት ሆነው ከገቡባት ትሞታለች፤ ስለዚህ ልብሷ በየዘመኑ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል፣ ይጠብቃል። የእሱም መፍቻ ተከትሎ ይለወጣል። እሷ ስትለወጥ እሱ ሲከተል፣ ስንት መቶ ሺህ ዓመት። ለዚህ ነው የቢጫው ወንድ ሰማያዊዋን የማይፈታት። እሱ የተከተለው የሌላዋን ሽመና ነዋ።»

«ማነው ተለወጡ ብሎ የሚያዛቸው?»

«ማንም። ያልተከተለው ልጅ ሳይወልድ ይቀራል፤ የተከተለው ይወልዳል። በቃ።»

«ይሄን ለማወቅ ነው ሦስት ዓመት ደብተር የፈጀሽው? አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት አይተሽ አታውቂም?» ብላ ነበር ፊደንሲያ፤ ሁለቱም እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ያ ሳቅ አሁን በሌላ አገር የተሳቀ መሰላት።

ሐሳቧ ቶሎ ቶሎ ይሄድ ጀመር። ያ የቆሰለው ወንድ አለ። ዜናይዳ ለማንኛውም ብላ ለእሱም መድኃኒቱን ታደርግለታለች፤ የቆሰለ ዘር ስለማይታመን ግን አትጠቀምበትም። ማንም ሳያይ የእሱን ውሃ በማንቆርቆሪያ ቀድቶ የሴቶቹ እንቁላል ላይ ጠብ ማድረግ ነው። እንቁላሉ ይይዛል፣ ኢንጅነሩ ይደሰታል፣ ፊደንሲያም ፊደንሲያ ሆና ትኖራለች። ይህን አስባ እንዲያውም ተነስታ ሁለት እርምጃ ሄዳለች። ከዚያ ቆመች። ያለፈው ሳምንት ጥፋትስ? ያ በዜናይዳ ስም እንደተመዘገበ ይቀራል፤ ዛሬ ቢሳካም «ያኔ ክሎሪን ነበር፣ አሁን ተጠነቀቀች» ይባላል። ልጅቷ ዕድሜ ልኳን ካላጠፋችው ጥፋት ተማረች እየተባለች ልትኖር ነው። ፊደንሲያ ደግሞ ያንን እያወቀች ማታ ማታ ከመጋረጃው ወዲህ ልትተኛ ነው። በሌላ በኩል ከተናገረች ነገ ሥራ የላትም። ሥራው ይቅር፤ ወለል ማጠብ አይጠፋም። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት «እጇን አትጠራጠሩ» የተባለላት ሴት፣ ማየት ተስኗት በዳበሳ እንደምትኖር የማኅበሩ ተወካይ ኒካኖር ይሰማል፣ ደሴቱ ይሰማል፣ ገበያው ይሰማል። ይህ ከሥራው ይበልጥ አመማት። ይህን ደብቄ ልዋሽላት ብል እንኳ ማን ያምነኛል፤ እንዲያ ያለች ኩሩ ሴት ነበረች።

ኒካኖር የዚያን ጊዜ በበሩ ገባ። የደሴቱ አሮጌ ጠላቂ ነው፣ ጆሮው በውሃ ግፊት ስለደነቆረ ሲያወራ ይጮኻል።

«እትዬ ፊደንሲያ! እስካሁን አልሞትሽም?»

«አንተን ሳልቀብር? ማን ያለቅስልሃል ብዬ!»

«ዛሬስ ይይዛል? ያለፈው አልሆነም አሉን። አንዲት ልጅ አበላሸችው አሉ።»

«ማን አለህ?»

«ኢንጅነሩ ነዋ። ዛሬም ካልሆነ እኛም አንልክም። ዓለቱ ላይ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እናቶቹን ሁሉ አውጥተን ለናንተ ገንዳ ልንገብር ነው እንዴ?» ድምፁን ዝቅ ያደረገ መሰለው እንጂ ግቢው ሁሉ ሰማው። «ልጅቷን ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ» አለች ፊደንሲያ። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣለችውና «ና ተከተለኝ» አለችው።

ላቦራቶሪው ውስጥ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቶ ነበር። የሴቶቹ ገንዳ ታች እንደ ተፈጨ አረንጓዴ ቅጠል ረግቷል፤ ያ ሁሉ እንቁላል ነው። የወንዶቹ ውሃ ደግሞ ወተት የፈሰሰበት መስሏል። ዜናይዳ ማንቆርቆሪያውን አንስታ የወንዶቹን ውሃ ልታፈስ ነው፤ ኢንጅነር ኡባልዶ ከኋላዋ እጁን አጣጥፎ እንደ ፖሊስ ቆሟል። ፊደንሲያ ነጩን ልብስ እያየች ሄዳ የልጅቷን አንጓ ያዘች።

«አታፍስሺው። ቢጫ ነው።»

«እትዬ፣ ሥራ ላይ ነን» አለ ኢንጅነሩ።

«እኔስ ምን ላይ ነኝ? ስድስቱም ቢጫ ናቸው። ቅርፊታቸውን አሁን ፋቅሁት፣ ሦስት ሦስት ቀዳዳ ነው ያላቸው፤ የቀረው ትል የበሳው ነው። ካላመናችሁኝ ገልብጡና ዘርፋቸውን እዩ፣ እንደ ቢጫ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ጥልፍ ነው። እኔ ያኔ አላየሁትም።»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሳለፏቸው?»

«እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም። ከገና ጀምሮ አያይም። አንተን እንኳ የማውቅህ በሽቶህ ነው።»

ኒካኖር ሳቅ አመለጠው፣ ወዲያው ግን አፉን ዘጋ። አንዱን ወንድ ከገንዳው አንስቶ ገለበጠው፤ ረጅም ጊዜ አየው። «ቢጫ ነው» አለ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ።

ኢንጅነሩ ግን ምክንያት ከተሰጠው በኋላ ሌላ ምክንያት የማይቀበል ዓይነት ሰው ነው። ዓይነቱ ቢለያይም ጥቂት ጥቂት ይይዛል፤ ያለፈው ሳምንት ግን ከመቶ አንድም አልነበረም፤ ስለዚህ ክሎሪኑም አለበት አለ። ፊደንሲያ ዘወር አለችበት። «ጠዋት በስልክ ማስረጃ የለኝም ስትል ሰምቼሃለሁ» አለችው። «ማስረጃ ከፈለግህ ያውልህ የቆሰለው። እሱ ሰማያዊ ነው፤ ዓይኔን ካላመንኸው ኒካኖር ራሱ አይቶ ያረጋግጥልህ። የእሱን በአንድ ብርጭቆ፣ የእነዚህን በሌላ ብርጭቆ፤ እንቁላሉ የአንዲት እናት፣ ውሃው ከአንድ ገንዳ፣ ያው ክሎሪን ያልከው ገንዳ። ገንዳው ከተመረዘ ሁለቱም ይሞታሉ።» ክፍሉ ውስጥ ዲፕሎማ የነበራቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ያሰበችው ግን ወለል አጣቢዋ ናት። ከዚያ ዜናይዳ ሁለት ብርጭቆ አነሳች።

እንቁላል ለሁለት እስኪከፈል ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ኢንጅነሩ ቢሮው ገባ። ኒካኖር ደጅ ወጥቶ ሲጋራ ለኮሰ። ሁለቱ ሴቶች ከጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ ተቀመጡ። ፓምፑ ይጮኻል፤ ከወደቡ አንድ ትልቅ መርከብ ጥሩንባውን ነፋ፣ ቱሪስቶቹን ሊያራግፍ ነው። ፊደንሲያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ፈለገች፤ የዶሮ እንቁላል ደርዘኑ አርባ ስምንት ፔሶ መግባቱን ልታነሳ ነበር። መጀመሪያ የተናገረችው ግን ዜናይዳ ናት።

«ዓይንሽን አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቂዋለሽ?»

«ከሁለት ወር በፊት ስኳር ብለሽ ጨው ቡናሽ ውስጥ ጨምረሽ ጠጣሽው። እስከ መጨረሻው ጠጣሽው፤ እኔ እንዳላውቅብሽ።»

ማሰሮው፣ የደረጃው ቀለም፣ አምፖሉ፣ ምስማሩ ላይ ያለው ቢላ፣ አንድ በአንድ ለፊደንሲያ መጡላት። ጉራ ነው ብላ የተጸየፈችው ሁሉ ለእሷ የተደረገ ነበር። ልጅቷ አንድ ቃል ሳትናገር ቤቱን በእሷ መታወር ልክ ስትሠራው ነበር፤ እሷም አንድ ቃል ሳትናገር ስትለምደው።

«ታዲያ እያወቅሽ ወንዶቹን ለምን ደግመሽ አላየሽም?» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ ይምሰል እንጂ ቁጣ አልነበረም።

«ጣቶችሽ ዓይን አያስፈልጋቸውም ብዬ ነው።» ዜናይዳ ጓንቷን አወለቀች። «ደግሞም ከኋላሽ ገብቼ ሳገላብጥ ብታገኚኝ ምን ትሆኛለሽ? ሆዳቸውን አይቼ ተመለስኩ። ዘርፉን ልብ ብዬ አላየሁትም። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ። ይሄን ለሰውዬው እንዳትናገሪ።»

ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ተሰበሰቡ። ዜናይዳ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። መጀመሪያ የስድስቱን። መቶ እንቁላል ቆጠረች፤ የተከፈለ ሁለት። ኢንጅነሩም ራሱ አጎንብሶ አየ። ከዚያ የቆሰለውን። ቆጠራው ረዘመ። ፊደንሲያ የልጅቷን ትንፋሽ እንጂ ሌላ የምታየው ነገር አልነበራትም፤ ትንፋሹ አንዴ ተቆረጠ፣ መልሶ ቀጠለ።

«ሰማንያ አንድ» አለች ዜናይዳ።

ኒካኖር ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። «እንግዲህ የቆሰለውን ጠብቁት! እኔ ደግሞ ሰኞ ራሴ ጠልቄ ወንድ አመጣለሁ፣ ሹፌር አልልክም።»

ኢንጅነር ኡባልዶ ጉሮሮውን ጠረገ። የቀረው እንቁላል ሁሉ በቆሰለው ወንድ ዘር ይሠራ አለ። ደብዳቤ የሚባል ነገር አላነሳም፤ የይቅርታ ቃልም ከአፉ አልወጣም። ከዚያ ወደ ፊደንሲያ ዞሮ «እርስዎ እንግዲህ…» ብሎ ጀመረ።

«ሰኞ አልመጣም። አንተ ሳትለኝ እኔ ብየዋለሁ። ግን ከመሄዴ በፊት መዝገቡ ይምጣ፤ ያ ክሎሪን ይሰረዝ፣ በኒካኖር ፊት።»

መዝገቡ መጣ። ኢንጅነሩ ያለፈውን ሳምንት ገጽ በገዛ እጁ ሰረዘ፤ ከሥሩ ትክክለኛውን እንድትጽፍ እስክሪብቶውን ለዜናይዳ ሰጣትና ቆሞ ጠበቀ። ልጅቷ አንድ መስመር ጻፈችና እጇ ቆመ።

«ጻፊ እንጂ» አለች ፊደንሲያ። «የጻፍሽውን አንብቢልኝ።»

«"በሁለተኛው ጆንያ የመጡት ስድስቱም ቢጫ ነበሩ። የለዩዋቸው ወይዘሮ ፊደንሲያ ናቸው…"»

«ጥፋቱስ?»

ዜናይዳ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳች።

«ጥፋቱ የእሷ ነው በይ። ስለ ሆድ፣ ስለ ዘርፍ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ፤ የእሷ ነው በይ፣ በቃ። ከዚያ ደግሞ፣ ዓይኗ ስላላየ ነው በይ። ዓይኗ ነው እንጂ አቡሎን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም በይ። ቃሌን እንዳለ አስቀምጪው።»

ፊደንሲያ ፊደል ቆጥራ አታውቅም፤ ዓይኗ ቢያይ ኖሮም የተጻፈውን ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብላ ጆሮዋን አዘነበለች፤ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲሄድ፣ ቃሏ እስኪያልቅ ድረስ ቆማ ሰማችው።